የታሰበበት መዘግየት

አሜሪካዊው የቫይብራፎን ተጫዋች ሮይ ኤየርስ «ኤይንት ጎት ታይም» የተባለ አጭር ሥራ አለው። ከሥሩ የሚፈሰው ሙዚቃ ለስላሳና ሞቅ ያለ ነው፤ ከድሮ ሸክላ ላይ ድምፅ እየቆረጡ አዲስ ምት ለሚሠሩ የሂፕ ሆፕ ሰዎች ምራቅ የሚያስውጥ። ችግሩ ኤየርስ ከላዩ ላይ ማውራቱ ነው። ሸክላው ላይ ንግግሩና ሙዚቃው አንድ ላይ ታትመዋል፤ አንዱን ከሌላው ነቅሎ ማውጣት በዚያ ዘመን የሚታሰብ አልነበረም። ሸክላ አሳዳጆች አንድ ጊዜ ሰምተው «ምን ያደርጋል!» ብለው ወደ መደርደሪያው የሚመልሱት ዓይነት ነው።

የዲትሮይቱ ወጣት ፕሮዲዩሰር ጄ ዲላ አልመለሰውም። በቃልና በቃል መካከል ያሉትን ባዶ ቦታዎች ፈለገ። አንዱ ክፍተት የሰከንድ ስባሪ ነው፤ ሌላው ከዚያም ያንሳል። እያንዳንዱን ቆርጦ አወጣ፤ ቁርጥራጮቹን በምት መሥሪያ ማሽኑ ቁልፎች ላይ አስቀመጠ፤ በጣቶቹ እየመታ ገጣጠማቸው። ከዚያ የወጣው ራፐሮቹ ሞስ ዴፍና ታሊብ ክዌሊ ብላክ ስታር በሚለው የጋራ ስማቸው የተጫወቱት «ሊትል ብራዘር» ነው። «ዘ ሃሪኬን» ለተባለው ፊልም በተዘጋጀው የሙዚቃ ስብስብ ውስጥ በ2000 ታትሟል (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዘፈኑን የሚሰማ ሰው ስፌቱ የት እንደሆነ አያገኘውም። ሙዚቀኞች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሳያቋርጡ የተጫወቱት ይመስላል። የኤየርስን ሸክላ ፈልጎ ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያዳምጥ ብቻ ነው የሥራውን ብዛት የሚረዳው፤ እሱም ቢሆን ደጋግሞ መስማት ይኖርበታል።

ጥሩ እጅ ያለው ባለሙያ ሁለት ጊዜ ይደክማል፤ አንዴ ሥራውን ለመሥራት፣ ሌላ ጊዜ ድካሙን ለመደበቅ። ዲላ በ32 ዓመቱ ሲያርፍ ትቶት የሄደው ሥራ በዚህ ዓይነት የተደበቀ ድካም የተሞላ ነው። ብዙ አድማጭ እንደ ግድየለሽነት፣ አንዳንዱም እንደ ስህተት የሰማው የምቱ መዘግየትና መንገዳገድ ደግሞ ከሁሉም ክፍል ይበልጥ ተለክቶ የተሠራው ነው።

ጄምስ ዴዊት ያንሲ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1974 ዲትሮይት ተወለደ። ያደገበት ኮናንት ጋርደንስ ጥቁር አሜሪካውያን ገና በማለዳው የራሳቸውን ቤት ይዘው የኖሩበት ሰፈር ነው። ቤታቸው ሙዚቃ አያጣም ነበር፤ አባቱ የጃዝ ቤዝ ተጫዋች፣ እናቱ ሞሪን ያንሲ ደግሞ ድምፃቸውን በኦፔራ ያሠለጠኑ ሴት ነበሩ። በኋላ የሂፕ ሆፕ ሰው ሁሉ «ማ ዱክስ» እያለ በአክብሮት የሚጠራቸው እኚህ እናት ናቸው። ልጁ ፐርሺንግ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ ከቲ-ስሪና ከባቲን ጋር ገጠመ፤ ሦስቱ በኋላ ስለም ቪሌጅ የተባለው ቡድን ሆኑ።

እዚያው ሰፈር አምፕ ፊድለር የሚባል ኪቦርድ ተጫዋች ይኖር ነበር፤ ፓርላመንት-ፈንካዴሊክ ከተባለው የፈንክ ቡድን ጋር የሠራ፣ ለሰፈሩ ወጣቶችም በሩን ክፍት ያደረገ ሰው። ጄምስ አካይ ኤምፒሲ የተባለውን መሣሪያ የተዋወቀው በእሱ ቤት ነው። በ1994 ሎላፓሉዛ በተባለው ተዘዋዋሪ የሙዚቃ ድግስ ላይ ኤ ትራይብ ኮልድ ኩዌስት ከተባለው የሂፕ ሆፕ ቡድን ራፐር ከኪው-ቲፕ ጋር ያገናኘውም ፊድለር ነው። ኪው-ቲፕ የልጁን ካሴት ሰማ፤ ከዚያ ካሴቱ በሙዚቀኞች መካከል ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የ20 ዓመቱ ጄምስ ከዚያች ቀን ወዲህ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

መሣሪያውን ቀረብ ብለን እንየው፤ የዲላ ሙያ ሳይታይ የሚያልፈው እዚህ ላይ ነውና። የኤምፒሲ ፊት ላይ 16 የጎማ ቁልፎች አራት በአራት ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ቁልፍ ላይ አንድ ድምፅ ይጫናል፤ ከሸክላ የተቆረጠ የፒያኖ ስባሪ ሊሆን ይችላል፣ ወይም አንዲት የከበሮ ምት። በጣት ሲመታ ድምፁ ይወጣል፤ ጠንክሮ ሲመታ ይጠነክራል፣ ቀስ ሲባል ይለዝባል። የነደፈው ሮጀር ሊን ቀደም ሲል በሠራቸው የከበሮ ማሽኖች ሁለት ነገሮችን ወደ ዘመናዊ ሙዚቃ አምጥቷል። አንደኛው እርማት ነው፤ ጣት ቢቸኩልም ቢዘገይም ማሽኑ ምቱን ይዞ ቅርብ ወዳለው ትክክለኛ ቦታ ይወስደዋል። ሁለተኛው ስዊንግ ነው። ተከታትለው የሚመጡ ሁለት ምቶችን አስቡ። መለኪያው 50 በመቶ ላይ ሲሆን ሁለቱ እኩል ርዝመት አላቸው። ወደ 66 በመቶ ሲጠጋ የመጀመሪያው ይረዝማል፣ ሁለተኛው ያጥራል፤ ከጃዝና ከብሉዝ የምናውቀው ወዝወዝ ይመጣል።

ማሽኑ አንዱን ምት ለ96 ቅንጣት ይከፍለዋል። በደቂቃ 90 ምት በሚሄድ ዘፈን አንዱ ምት የሰከንድ ሁለት ሦስተኛ ያህል ይቆያል፤ ያ ለ96 ሲካፈል እያንዳንዷ ቅንጣት ወደ 7 ሚሊሰከንድ ትጠጋለች። አብዛኛው ፕሮዲዩሰር ስለነዚህ ቅንጣቶች አያስብም ነበር። እርማቱን ይከፍታል፣ ለሙሉው ዘፈን አንድ የስዊንግ መጠን ይመርጣል፣ ከዚያ ወደ ሌላው ሥራ ያልፋል። ዲላ ግን ማሽኑ ውስጥ አንድን ድምፅ ነጥሎ ጥቂት ቅንጣት ወደፊት ወይም ወደኋላ የሚያንሸራትት ትእዛዝ መኖሩን አወቀ፤ ዋና መሣሪያውም እሱ ሆነ።

የሚያደርገው በግርድፉ እንዲህ ነው። «ጧ» የሚለውን ስኔር ከቦታው ትንሽ ያስቀድመዋል። «ዱም» የሚለውን ኪክ አንዴ በቦታው ያሳርፈዋል፣ ሌላ ጊዜ ማንም በማይጠብቅበት ስንጥቅ ውስጥ ይጥለዋል። «ጭስ ጭስ» የሚለው ሃይ-ሃት እኩል ለእኩል ይራመዳል፤ ቤዙ ደግሞ በስዊንግ ይወዛወዛል። አንዱ መሣሪያ ጊዜን ለሁለት፣ ሌላው ለሦስት እየከፈለ ሁሉም በአንድ ዘፈን ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ስኔሩ ቸኩሎ ስለመጣም ሌላው ሁሉ የቆየ ይመስላል። ሰው «የዲላ ምት ይዘገያል» ሲል የሚሰማው ብዙ ጊዜ የአንዱን መቸኮል ነው።

ለኢትዮጵያ ጆሮ ይህ ያን ያህል እንግዳ ላይሆን ይችላል። ችክችካ ሲመታ ስድስቱን እርምጃ ሁለት ብሎ የሚቆጥረውም ሦስት ብሎ የሚቆጥረውም አይሳሳትም። አጨብጫቢው በአንዱ ሲሄድ የጨፋሪው ትከሻ በሌላው ሊሄድ ይችላል፤ ጨዋታው የሚደምቀውም በዚያ ነው። ልዩነቱ ችክችካን ብዙ ትውልድ አብሮ ያበጀው መሆኑ ላይ ነው፤ የሚጫወተውም የሚሰማውም ሕጉን ከልጅነቱ ያውቃል። ዲላ ግን ሕግ አስከባሪ ሆኖ በተሠራ ማሽን ላይ፣ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ፣ ሁለቱን የጊዜ አከፋፈል የሚያጋጭ የራሱን ሥርዓት አወጣ።

ስለ እሱ በተደጋጋሚ የሚነገር ወሬ አለ፤ የማሽኑን እርማት አጥፍቶ በጣቱ ብቻ ይመታ ነበር የሚል። እርማቱን ያጠፋበት ጊዜ አለ፤ ወሬው ግን ሙያውን ያሳንሰዋል። በ2022 «ዲላ ታይም» የተባለ ጠቅላላ ታሪኩን ያወጣው ዳን ቻርናስ እንዳብራራው ነገሩ ከልቅነት ይልቅ ወደ ስሌት ያደላል። ማስረጃው ራሱ ሙዚቃው ውስጥ አለ። ሰካራም ሰው ሁለት ጊዜ አንድ ቦታ ላይ አይደናቀፍም። የዲላ ምት ግን ዙሩን ጨርሶ ሲመለስ በዚያችው ቦታ፣ በዚያችው ቅንጣት ልክ ይንገዳገዳል፤ ከዚያ ደግሞ እንደገና። አብረውት የሠሩ ሰዎች ምድር ቤቱ የጸዳ፣ ሸክላዎቹ በሥርዓት የተደረደሩ፣ ልብሱ የተተኮሰ እንደነበር ይናገራሉ። እንዲህ ያለ ሰው ምቱን ብቻ በዘፈቀደ ይጥለዋል ብሎ ማመን ይከብዳል።

ይህ እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰፊው የተሰማው በ1995 ዘ ፋርሳይድ በተባለው የሎስ አንጀለስ ቡድን ሁለተኛ አልበም ላይ ነው። ከአልበሙ የታወቀው «ረኒን» የተነሣው ሳክስፎን ተጫዋቹ ስታን ጌትዝና ብራዚላዊው ጊታሪስት ሉዊዝ ቦንፋ በ1963 ካሳተሙት ሸክላ ነው። የቦንፋ ጊታር ቀለል ብሎ ይንሳፈፋል፤ ዲላ ከሥሩ ያስገባው ከበሮ ደግሞ ከባድ ነው። ክብደቱ ጊታሩን ጎትቶ እንዳይጥለው የሚያደርገው የኪኩ አቀማመጥ ነው። ኪኩን ብቻ ለይታችሁ ተከተሉት፤ ድጋሚ ይመጣል ባላችሁበት አይመጣም፣ ረስታችሁት ሳለ ከተፍ ይላል። በዚያው ዘመን የዘ ሩትስ ከበሮ መቺ ኩዌስትላቭ ከፋርሳይድ ጋር በአንድ መድረክ ሠርቶ ነበር። ከአዳራሹ ውጭ ሆኖ የሰማው ኪክ ቦታውን የሳተ መስሎት ተደነቀ፤ ጠጥቶ የሚመታ ሕፃን ይመስል ነበር ሲል ደጋግሞ ተናግሯል። በአስተሳሰቡ ላይ ትልቅ ለውጥ ካመጡ ነገሮች አንዱ አድርጎም ይቆጥረዋል። እንደ ሰዓት ልክ ለመምታት ዕድሜውን የፈጀ ከበሮ መቺ ከማሽን የተሰማ መንገዳገድ ሲያስቀናው አስቡት።

በ1996 ዲላ 22 ዓመቱ ነበር። ኪው-ቲፕና የቡድን ጓደኛው አሊ ሻሂድ ሙሐመድ «ኡማ» ብለው ባቋቋሙት የፕሮዲዩሰሮች ቡድን ውስጥ ገብቶ የትራይብን «ቢትስ፣ ራይምስ ኤንድ ላይፍ» አብሮ ሠራ፤ አልበሙ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አናት ላይ ወጣ። ስሙ ግን ከቡድኑ ስም ሥር ተሸፍኖ ስለቆየ ብዙ አድማጭ ማን ምን እንደሠራ አያውቅም ነበር። በዚያን ጊዜ የሚጠራውም ጄይ ዲ ተብሎ ነው። ከሌላው ታዋቂ ፕሮዲዩሰር ከጀርሜን ዱፕሪ ምህጻረ ስም ጋር እንዳይምታታ ብሎ ጄ ዲላ የሆነው በ2001 ነው።

በዚሁ በ1996 ደ ላ ሶል የተባለው የሂፕ ሆፕ ቡድን «ስቴክስ ኢዝ ሃይ»ን አወጣ። የርእሱን ዘፈን ምት የሠራው ዲላ ነው። መነሻው የፒያኖ ሊቁ አህማድ ጀማል በ1974 የተጫወተው «ስዋሂሊላንድ» ነው። ከረጅሙ የጃዝ ሥራ ውስጥ ዲላ የመረጠው ጥቂት ሰከንድ የሚሆን ቁራጭ ነው፤ ያው ቁራጭ እየተመላለሰ አንድ አሳሳቢ ነገር እየቀረበ እንደሆነ ያስታውቃል። ምርጫውን ልብ በሉ። ጀማል በዚያ ሥራ ላይ ብዙ የሚያምሩ ቦታዎች አሉት፤ ዲላ ጎልተው የወጡትን አልፎ ሸክሙ ያለበትን ወሰደ። ሳምፕል ማድረግ፣ ማለትም ከሌላ ሰው ሸክላ ድምፅ ቆርጦ መሥራት፣ ከመስማት የሚጀምር ሙያ ነው፤ ዲላን ከሌሎች የሚለየውም በሌላ ሰው ሥራ ውስጥ ሌላው ሳያስተውለው ያለፈውን ቦታ ማግኘቱ ነው።

መቁረጥ የሚችል ሰው የማይቆርጥበትን ጊዜ ማወቁም ሙያ ነው። የራፐሩ ኮመን «ዘ ላይት» በ2000 ሲወጣ ለግራሚ ሽልማት ታጨ። መሠረቱ ቦቢ ኮልድዌል በ1980 ያሳተመው የፍቅር ዘፈን ነው። «ሊትል ብራዘር» ላይ በስባሪ ሰከንድ ሲቆርጥ የነበረው እጅ እዚህ ላይ ይታቀባል። የኮልድዌልን ድምፅ በተቀባዩ ቦታ ላይ እንዳለ ይለቀዋል፤ ዜማውን አይሰባብረውም፤ ከሥሩ ደረቅና የጠራ ከበሮ ብቻ ያስገባል። ኮመን ለሚወዳት ሴት ያወራል፤ ምቱ ንግግሩን አይሻማም። ያንኑ ሸክላ ሰባብሮ ችሎታውን ማሳየት አያቅተውም ነበር፤ ዘፈኑ ግን ያን አልጠየቀም።

ዘፋኟ ኤሪካ ባዱም ዲትሮይት ድረስ ሄዳ ምድር ቤቱ ገብታለች። ከሸክላዎቹ መካከል አንዱን እንድትመርጥ ጋበዛት፤ የመረጠችው ታሪካ ብሉ የተባለ ቡድን በ1977 ያወጣውን ነበር። ከዚያ ሸክላ ነው «ዲድንት ቻ ኖው» የተወለደው። ቤዙ ረጋ ብሎ ይሽከረከራል፣ ከበሮው ወደኋላ ተደግፎ ይመታል፣ የባዱ ድምፅ በሁለቱ መካከል እንደ ልቡ ይመላለሳል። ዲላ ለዘፋኝ ሲሠራ ቦታ ይተዋል። ሙሉ መስሎ የሚሰማ ምት ላይ ዘፋኝ ሲገባበት ይጠብባል፤ የእሱ ግን ዘፋኙ እስኪመጣ አንድ ነገር የጎደለው ይመስላል፣ ሲመጣ ይሞላል።

«ዘ ላይት» የወጣበት 2000 የዚህ ትውልድ ሙዚቃ ከፍ ያለበት ዓመት ነው። ኒውዮርክ ኤሌክትሪክ ሌዲ በተባለው ስቱዲዮ ውስጥ ኩዌስትላቭ፣ ዘፋኙ ዲአንጀሎ፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ ጄምስ ፖይዘርና ዲላ ሶልኳሪያንስ በሚል ስም ይሰባሰቡ ነበር። የዲአንጀሎ «ቩዱ»፣ የኮመን «ላይክ ዋተር ፎር ቾኮሌት» እና የባዱ «ማማስ ገን» በዚያው ዓመት ወጡ። የስለም ቪሌጅ «ፋንታስቲክ ቮልዩም 2»ም እንዲሁ። በ«ቩዱ» ላይ የሆነው ነገር በሙዚቃ ታሪክ ውስጥ እምብዛም አይታይም። ከበሮ መቺው ኩዌስትላቭና ቤዝ ተጫዋቹ ፒኖ ፓላዲኖ ከማሽን የተማሩትን መንገዳገድ በእጃቸው ለመጫወት ተቀመጡ። የከበሮ ማሽን የተፈጠረው ሰውን እንዲተካ ነበር፤ ዲላ ማሽኑን እንደ ሰው ካንገዳገደው በኋላ ሰዎች ተመልሰው ማሽኑን አስተማሪ አደረጉት። ለአንድ የሠለጠነ ከበሮ መቺ ስኔርን ከኪክና ከሃይ-ሃት ነጥሎ ማስቀደም፣ ያንንም ለአምስት ደቂቃ ያህል ሳያዛንፍ መቀጠል፣ በሁለት እጅ ሁለት ደብዳቤ የመጻፍ ያህል ይከብዳል። ዛሬ እንደ ሮበርት ግላስፐር ያሉ የጃዝ ሰዎችና እንደ ዲትሮይቱ ካሪም ሪጊንስ ያሉ ከበሮ መቺዎች በቀላሉ ሲጫወቱት ስለምንሰማ፣ ያኔ ምን ያህል አዲስ እንደነበር እንዘነጋለን።

ዲላ ከ2002 ወዲህ ታመመ። ደሙን የሚያጠቃ ቲቲፒ የተባለ ብርቅ በሽታና ሉፐስ ተደራርበውበት ነበር። በ2003 ከፕሮዲዩሰሩ ማድሊብ ጋር «ቻምፒየን ሳውንድ»ን አወጣ፤ ቀጥሎ ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛወረ። በ2005 መጨረሻ አውሮፓ ላይ ሥራውን ያቀረበው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው።

«ዶናትስ» ስቶንስ ስሮው በተባለው አሳታሚ በኩል የወጣው ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2006፣ በ32ኛ ልደቱ ዕለት ነው። ከሦስት ቀን በኋላ አረፈ። ስለ አልበሙ የሚነገረው አፈ ታሪክ የሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቶ ሠራው የሚል ነው። ሆስፒታል ውስጥ መሣሪያ አጠገቡ እንደነበር እውነት ነው። ይሁን እንጂ የአልበሙ አብዛኛው ክፍል ቀድሞ ቤት የተሠራ የምቶች ስብስብ እንደነበረና የአሳታሚው ሰው ጄፍ ጃንክ አርትዖቱን እንደሠራ የቻርናስ መጽሐፍ ያሳያል። አፈ ታሪኩ ሲቀር ሥራው አያንስም፤ እንዲያውም ከሐዘኔታ ወጥተን ሙያውን በሙያነቱ እንድናየው ዕድል ይሰጠናል።

አልበሙ 43 ደቂቃ ያህል ነው፤ 31 ቁራጮች አሉት፤ አብዛኞቹ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞሉም። ራፐር የለበትም። መጀመሪያው ላይ የተቀመጠው «መዝጊያ» የሚል ርእስ ይዟል፤ የመጨረሻው ቁራጭ ሲያልቅ ተመልሶ ከመጀመሪያው ጋር ይገጥማል። በ«ዶንት ክራይ» ላይ ዲላ እጁን ሳይደብቅ እንድናየው ይፈቅድልናል። መጀመሪያ ዘ ኤስኮርትስ የተባሉትን የሶል ዘፋኞች ብዙም ሳይነካካ ያሰማናል፤ ዜማው ይህ ነው፣ እወቁት እንደ ማለት። ቀጥሎ ያንኑ ዜማ ወደ ጥቃቅን ስባሪ ይከፋፍለውና ቅደም ተከተሉን ለውጦ ያጫውተዋል። ድምፁ ያው ነው፣ ዘፋኞቹም እነዚያው ናቸው፤ ሐዘኑ ግን ሌላ ሆኗል። የመጀመሪያው ያባብላል፣ ሁለተኛው ሲቃ ይዞታል። አንድ ቃል ሳይጨምር፣ በመቁረጥና በማቀያየር የስሜቱን አቅጣጫ አዞረው።

በ«ታይም፦ ዘ ዶናት ኦፍ ዘ ሃርት» ደግሞ ጃክሰን ፋይቭ በ1975 ያሳተሙትን ዘፈን ይዞ መሐል ላይ ፍጥነቱን ያረግበዋል። ማሽን ላይ የሚሠራ ሙዚቃ ፍጥነቱ አንዴ ከተወሰነ ብዙውን ጊዜ እስከ መጨረሻው አይነቃነቅም፤ ዘፋኞችና ዲጄዎችም በዚያ ላይ ይተማመናሉ። ዲላ ያንን እምነት ለጥቂት ሰከንድ ይወስድብንና መልሶ ይሰጠናል። ከዚህ ቀደም አንዲት ስኔርን በቅንጣት ሲያንቀሳቅስ የነበረው እጅ እዚህ ላይ መላውን ዘፈን አንቀሳቀሰ። የሥራው መንገድ ያው ነው፤ መጠኑ ብቻ አደገ።

ከሞቱ በኋላ ያልተጠናቀቀውን «ዘ ሻይኒንግ» ወዳጁ ካሪም ሪጊንስ አጠናቆት በዚያው በ2006 ወጣ። በ2009 መጀመሪያ ሎስ አንጀለስ ውስጥ «ታይምለስ» በሚል ስም ሦስት የሙዚቃ ዝግጅቶች ተካሄዱ። አንዱ አንጋፋው ሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝን ያቀረቡበት ነው፤ ሌላው የብራዚላዊው አቀናባሪ የአርቱር ቬሮካይ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ሚገል አትውድ-ፈርጉሰን የዲላን ምቶች ለትልቅ ኦርኬስትራ ያቀናበረበትና ለዲላ እናት ክብር ያደረገው «ስዊት ፎር ማ ዱክስ» ነው። አዘጋጆቹ ሦስቱን በአንድ ተራ ማስቀመጣቸው ትርጉም አለው። የአዲስ አበባ ሸክላዎች በዚያን ዘመን የእነዚሁ የካሊፎርኒያ ሸክላ አሳዳጆች ፍለጋ መዳረሻ ሆነው ነበር፤ የማድሊብ ወንድም ኦ ኖ በዚያው ዓመት ሙሉ አልበም በኢትዮጵያ ሙዚቃ ሳምፕሎች ሠርቶ አሳትሟል። ኦርኬስትራው ደግሞ ሌላ ነገር አሳየ፦ ቫዮሊንና ዋሽንት የያዘ ሰው ወረቀት ላይ ጽፎ ሊጫወተው የሚችል ቅንብር በእነዚያ አጫጭር ምቶች ውስጥ ነበረ።

የዲላ ኤምፒሲ 3000 ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም ውስጥ ነው፤ የሰጡት እናቱ ናቸው። መሣሪያው ግን በሺህ ከሚቆጠሩ ወንድሞቹ የተለየ አልነበረም። ያው 16 ቁልፍ፣ ያው 96 ቅንጣት ሌላውም ፕሮዲዩሰር እጅ ላይ ነበር።

ዛሬ አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ላፕቶፕ ላይ ምት የሚሠራ ወጣት ከዚያ ሣጥን እጅግ የሚበልጥ አቅም አለው። አብዛኛው ሶፍትዌር ምቱን «ሰው ሰው እንዲሸት» የሚያደርግ ቁልፍ አለው፤ አንዴ ሲጫን ምቶቹን በዕጣ ትንሽ ትንሽ ይበትናቸዋል። ብዙዎች ይህን የዲላ ስልት አድርገው ያስባሉ፤ ተቃራኒው ነው። ኮምፒዩተሩ የሚበትነው ያለ ምክንያት ነው፤ ስለዚህም ጆሮ ይደክመዋል እንጂ አይከተለውም። ዲላ የሚያስቀድመውን ለይቶ ያስቀድማል፣ የሚያዘገየውን ለይቶ ያዘገያል፣ ሌላውን እንዳለ ይተዋል፤ ቀጥ ብሎ የሚሄድ አንድ ነገር ከሌለ የሚንገዳገደው መንገዳገዱ አይታወቅምና። ከእሱ መማር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ምቱን በልኩ ማስቀመጥ ይልመድ። ከዚያ የትኛውን፣ በስንት ቅንጣት፣ ለምን እንደሚያንቀሳቅስ ይወስን። ለምን እንደሆነ መናገር ካልቻለ ባለበት ይተወው።